«በአፍንጫ ይወጣል» ብላችሁ ስለጻፋችሁት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ስጽፍ ይሄ ሁለተኛዬ ነው፣ የመጀመሪያው ስለ መምህራን የቤት አበል ነበር አላወጣችሁትም፣ ግድ የለም። ይሄኛውን ግን ብታወጡት ደስ ይለኛል ምክንያቱም የሚመለከተው የራሳችሁን ጽሁፍ ነው።

ከወራት በፊት በጤና ገጻችሁ ላይ የጭንቅላት ዕጢ ጭንቅላት ሳይከፈት በአፍንጫ ይወጣል የሚል ጽሁፍ አውጥታችሁ ነበር። አዲስ ቴክኖሎጂ ነው፣ ጭንቅላት መክፈት የድሮ ነገር ሆኖ ቀርቷል፣ ታካሚው በጥቂት ቀን ቤቱ ይገባል ምናምን ይላል። እኔ ያነበብኩት ሆስፒታል ተኝቼ ነው፣ ያውም ጋዜጣውን ገዝቼ ሳይሆን አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ የተኛው ሰውዬ ገጹን አራት ላይ አጥፎ ከሸሚዙ ኪስ እያወጣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ያሳይ ስለነበር ነው። ሐኪም ሲመጣ ያሳያል፣ ነርስ ስትመጣ ያሳያል፣ ምግብ የምታመላልሰዋን ልጅ ሳይቀር አስነብቧታል።

ሰውየው የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር ነው። እኔ ደግሞ ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሁለታችንም ያለብን ዕጢ አንድ ቦታ ላይ የበቀለ ነው፣ ከአንጎል ስር ሆርሞን የሚያመርተው ፒቱታሪ የሚባለው ላይ፣ ግን እኔን በአፍንጫዬ ሰሩኝ እሱን ግን ጭንቅላትህ መከፈት አለበት አሉት። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የራሴን ላስቀድም። ክፍል ውስጥ ዳር ዳር የሚቀመጡት ተማሪዎች አይታዩኝም ነበር። በሽታ ነው ብዬ አላሰብኩትም። መስኮት ስር ያሉት ልጆች እጃቸውን አውጥተው ስለማልጠይቃቸው «ቲቸር ይጠሉናል» ብለው ለዩኒት ሊደሩ ከሰውኛል። ቤት ስገባ የበሩን መቃን በትከሻዬ እየመታሁ ነው የማልፈው። መነጽር ቀየርኩ፣ ደግሜ ቀየርኩ፣ አንዱ መነጽር ሻጭ ሞራ ግርዶሽ ሊሆን ይችላል አለኝ። ራስ ምታቱን በጠመኔ ብናኝ አሳበብኩ። ጺሜን በሳምንት አንዴ መላጨት ሲበቃኝ ባለቤቴ ናት ያስተዋለችው፣ እኔ ዕድሜ ነው ብዬ ዝም፣ ሌላም ዝም ያልኩት ነገር ነበር እሱን ጋዜጣ ላይ አልጽፈውም። ጠበልም ሄጃለሁ፣ በመሄዴ አልቆጭም፣ የምቆጨው አንድ ዓመት ሙሉ የዓይን ሐኪም ጋ ሳልሄድ መቆየቴ ነው።

በስተመጨረሻ አንዲት የዓይን ሐኪም ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና አንድ ዓይኔን አስሸፍና ጣቷን ከጎን ወደ መሃል እያመጣች «ሲታይዎት ይንገሩኝ» አለችኝ። ጣቷ ፊቷ ጋ እስኪደርስ አላየሁትም። ሌላኛውም ዓይን እንደዛው፣ በውጭ በኩል ያለው ግማሽ ድራሹ የለም። እሷም ጠብታ አላዘዘችልኝ መነጽር አላዘዘችልኝ፣ በቀጥታ ኤምአርአይ ብላ ጻፈችልኝ። እግዜር ይስጣት።

እዚህ ላይ የቋንቋ ችግርም አለብን። በአማርኛ ሆርሞን የሚያመርተውንም ጤነኛ ነገር እጢ እንላለን፣ በሽታ ሆኖ የበቀለውንም ዕጢ እንላለን። ሐኪሙ «ፒቱታሪ የሚባለው እጢ ላይ ዕጢ አለ» ሲል ባለቤቴ ሁለት ያለብኝ መስሏት ነው ያለቀሰችው። ስለዚህ እኔ ጤነኛውን ፒቱታሪ፣ በሽታውን ዕጢ እያልኩ ልቀጥል፣ እናንተም እንዲህ ብትለዩት ጥሩ ነው፣ ጽሁፋችሁን ያነበበ ሰው ፒቱታሪው ራሱ ተነቅሎ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

ፒቱታሪ አተር ነው የምታክለው፣ ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ከሁለቱ ዓይኖች መሃል ወደ ኋላ ብትገቡ ከአንጎል ስር፣ ኮርቻ የምትመስል የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ሐኪሞቹም በላቲን የቱርክ ኮርቻ ነው የሚሉት። የእድገት ሆርሞን፣ የወተት ሆርሞን የሚባለው ፕሮላክቲን፣ ታይሮይድን የሚያዘው፣ ኩላሊት ላይ የተቀመጠውን አድሬናል የሚያዘው፣ ሽንት የሚቆጥበው፣ ሁሉም ከዚች ፍሬ ነው ወደ ደም የሚገባው። ከኮርቻው በላይ የሁለቱ ዓይን ነርቮች የሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ አለ። ዕጢው ወደ ላይ ሲያድግ መስቀለኛውን ከስር ይጫነዋል፣ ቀድመው የሚጎዱትም ከዳር ያለውን ምስል የሚያመጡት ክሮች ናቸው፣ የኔ ተማሪዎች የጠፉት እዚያ ነው፣ የሹፌሩም ሁለት ስፖኪዮ እንደዚሁ። (እሱ ስፖኪዮ አልታይ ሲለው ረዳቱን ነበር የሚሳደበው፣ በደንብ አልጠረግከውም እያለ።) ከግራና ከቀኝ ደግሞ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ካሮቲድ የሚባሉት ትልልቅ ደም ስሮችና ዓይንን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ያልፋሉ። ከፊትና ከስር ግን ባዶ ነው፣ አየር የሞላበት ሳይነስ። አዎ፣ ያው ብርድ ሲመታን የምናማርረው ሳይነስ፣ የመጨረሻውና ጥልቅ ያለው ክፍል።

በአፍንጫ የሚሄዱት ለዚህ ነው። በአፍንጫ ገብተው የሳይነሱን ግድግዳ ከፍተው ከኋላው ያለውን ስስ አጥንት ሲያነሱ ኮርቻው ላይ ናቸው፣ አንጎልን ሳይነኩ። እኔን የሰሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንድ የአንገት በላይ ሐኪምና አንድ ኒውሮሰርጂን፣ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪም ማለት ነው። ከእስክርቢቶ የቀጠነች ኢንዶስኮፕ የምትባል ዘንግ መብራት ይዛ በአንዱ ቀዳዳ ትገባለች፣ ምስሉ ቲቪ ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ዕጢው ለስላሳ ስለሆነ ቀለበት በመሰለ መፋቂያ እየተፋቀ ይመጠጣል። ሲጨርሱ ቀዳዳውን ለመድፈን ከሆዴ ስብ ቆርጠው ወስደዋል። ሆዴ ላይ ስብ መኖሩ የጠቀመኝ ያኔ ብቻ ነው።

እና ቀላል ነው ብላችሁ መጻፋችሁ ትክክል አይደለም። ስነቃ አፍንጫዬ ተጠቅጥቆ በአፌ ነበር የምተነፍሰው፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። አትናፈጥ፣ አታጎንብስ፣ አታምጥ ተባልኩ፣ ምክንያቱም የተደፈነው ቀዳዳ ከለቀቀ የአንጎል ውሃ በአፍንጫ ይፈሳል፣ ጥርት ያለ ውሃ ነው ጨው ጨው የሚል፣ እሱ መንገድ ካገኘ ደግሞ ማጅራት ገትር ይገባል። ነርሷ በየጊዜው ቁጭ አድርጋ ወደ ፊት ታስጎነብሰኝና ጠብ የሚል አለ ወይ ትላለች። ሽንቴን በጆግ እየለኩ ይጽፉ ነበር፣ ፒቱታሪ ስትነካ ሽንት የሚቆጥበው ሆርሞን ይጠፋና ሰው በቀን ባልዲ ሙሉ ሊሸና ይችላል፣ ስኳር የሌለበት የስኳር በሽታ በሉት። ቤት ከተገባ በኋላ ደግሞ ሳምንት አካባቢ የደም ጨው ሊወርድ ስለሚችል ለደም ምርመራ ተመልሼ ሄጃለሁ። ኮርቲዞል የሚባለው የአድሬናል ሆርሞኔም ስላልተመለሰ እስከ ዛሬ የሚተካውን ኪኒን እውጣለሁ፣ ትኩሳት ሲይዘኝ እጥፍ አድርገህ ውሰድ ተብያለሁ፣ በድንገት ማቆም ደግሞ ገዳይ ነው። ይሄ ሁሉ ተደርጎልኝ እንኳን ዕድለኛ ከሚባሉት ነኝ፣ ዓይኔ ገና እዚያው አልጋ ላይ እያለሁ ነው መከፈት የጀመረው፣ የዋርዱን በርና መስኮቱን አንድ ላይ አየኋቸው።

ሳልረሳው አንድ ነገር። ፕሮላክቲን የሚያመርት ዓይነት ዕጢ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቢላዋም አይነካውም፣ ካበርጎሊን ወይም ብሮሞክሪፕቲን የሚባል ኪኒን ነው መጀመሪያ የሚሞከረው፣ ብዙዎቹም በኪኒኑ ይኮማተራሉ። ጽሁፋችሁ ስለዚህ አንድ መስመር የለውም። ሰው በአፍንጫም ሆነ በጭንቅላት ኦፕሬሽን ከመግባቱ በፊት «ፕሮላክቲኔ በደም ታይቷል ወይ» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ብትጽፉ ከፎቶው ይጠቅም ነበር።

ወደ ሹፌሩ ልመለስ። የሱ ዕጢ ኮርቻው ውስጥ ተቀምጦ ወደ ላይ ብቻ ያደገ አልነበረም። ወደ ላይ ወጥቶ በካሮቲዱ ላይ ተሻግሮ ወደ ግራ ጆሮው በኩል ሄዷል። ሰርጂኑ በጓንት ካርቶን ጀርባ ላይ ሲስልለት እኔም አንገቴን አስግጌ አይቻለሁ፣ ቅል ነው የሚመስለው፣ ከታች ድቡልቡል፣ ወገቡ ላይ ታስሮ ከላይ እንደገና ድቡልቡል፣ ያውም የላይኛው ወደ ጎን ያጋደለ። በአፍንጫ የገባ ሰው የታችኛውን ያወጣል፣ የላይኛው በጠባቧ ወገብ በኩል አይወርድለትም፣ ወደ ጎን የሄደው ደግሞ ከደም ስሩ ወዲያ ማዶ ነው። ይባስ ብሎ ግማሹ ተቆርጦ የቀረ ትልቅ ዕጢ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ሊደማና ሊያብጥ ይችላል፣ በሰዓታት ውስጥ የዓይኑን ነርቭ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ከላይ እንገባለን አሉት። ከጆሮው ፊት ጀምሮ ከፀጉሩ መስመር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ቆዳው ይቀደዳል፣ በጆሮ ግንዱ በኩል ያለው አጥንት እንደ ድስት ክዳን ይነሳል፣ የፊተኛውና የጎኑ አንጎል የሚገናኙበት እጥፋት ቀስ ተብሎ ይከፈታል፣ ከዚያ ነርቮቹንም ደም ስሩንም በማይክሮስኮፕ ፊት ለፊት እያዩ በመሃላቸው ዕጢውን ያወጡታል፣ አጥንቱም ይመለሳል። ጉዳቱም ይታወቃል፣ አንጎልን ገለል ማድረግ አለ፣ የሚጥል በሽታ ሊመጣ ይችላል፣ አልጋ ላይ መቆየቱም ይበልጣል። ግን ለሱ ዕጢ ሰዉ ሁሉ የሚፈራው መንገድ ነው የተሻለው።

አልሰማም። «ቲቸር» አለኝ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ «እርሶን በአፍንጫ፣ እኔን በመጋዝ? ዘመድ ስለሌለኝ ነው።» የኔ ዕጢ ሌላ ነው ብዬ ባዮሎጂዬን ሁሉ አውጥቼ አስረዳሁት፣ እንደ ብሔራዊ ፈተና ክለሳ ነው ያስረዳሁት፣ እሱ ግን ጋዜጣዋን አወጣ። ጋዜጣዋ ቀርቷል ትላለች። የቀረ ነገር ለምን እኔ ላይ ይሰራል፣ መለማመጃ ሊያደርጉኝ ነው አለ። በማግስቱ ፈርሞ ወጣ።

አሁን «አዲስ ቴክኖሎጂ» ስላላችሁት ነገር። እኔ አልጋ ላይ ብዙ ጊዜ ነበረኝ፣ ዓይኔም ሲመለስ ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ ታሪኩ ደግሞ የሚገርም ነው። እውነት ነው ፈር ቀዳጁ በጭንቅላት የተሰራው ነው፣ እንግሊዛዊው ቪክቶር ሆርስሊ እ.ኤ.አ. በ1889 ሎንዶን ላይ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። በአፍንጫ በኩል ግን ኢንስብሩክ ኦስትሪያ ውስጥ ሄርማን ሽሎፈር የሚባል ሰርጂን በ1907 ሰርቶታል፣ ያውም ያኔ የሰውየውን አፍንጫ ወደ ጎን ገልብጦ ነው የገባው። 1907 ማለት አጼ ምኒልክ በሕይወት እያሉ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ቪየና ላይ ኦስካር ሂርሽ የሚባል፣ እሱ እንዲያውም የአንገት በላይ ሐኪም ነበር፣ ፊት ሳይቀድ በአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ገባ፣ ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ ሳይወስድ ቦታው ብቻ ደንዝዞ። አሜሪካ ደግሞ ሃርቪ ኩሺንግ ከከንፈር ስር እየገባ እስከ 1925 ድረስ 231 ሰው ሰርቶ የሞቱበት ከመቶ 5.6 ብቻ ነበር፣ አንቲባዮቲክ በሌለበት ዘመን።

ከዚያ ኩሺንግ መንገዱን ተወው። በጭንቅላት በኩል መግባቱን በጣም ስለተካነበት፣ የዓይን ነርቮቹን ከላይ እያየ ነጻ ማውጣቱን ስለመረጠ፣ ተወው። እሱ ሲተወው አብዛኛው ዓለም አብሮት ተወው። ማለትም በአፍንጫ መግባት «የድሮ» ሆኖ ጭንቅላት መክፈት «ዘመናዊ» የነበረበት ጊዜ አለ፣ ለሠላሳ ዓመት ምናምን። ኤድንብራ ላይ ኖርማን ዶት የሚባል የኩሺንግ ተማሪ ብቻውን ማለት ይቻላል ሳይተወው ቆየ፣ ከሱ ፓሪስ ያለው ዠራር ጊዮ አየው፣ ከጊዮ የሞንትሪያሉ ዡል ሃርዲ ተማረና በ1960ዎቹ ማይክሮስኮፕ ጨመረበት፣ ፒቱታሪዋን ሳይነካ ትንሿን ዕጢ ብቻ ነጥሎ ማውጣት የተቻለው ያኔ ነው። የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው ኮርቲዞን በመድኃኒትነት መምጣቱና አንቲባዮቲኩም አግዘዋል። ኢንዶስኮፕ ብቻውን ይዘው የሰሩት ደግሞ፣ ፒትስበርግ ላይ ጆ እና ካራው የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ በ1997 የ50 ታካሚ ውጤት አወጡ። በ2006 ደግሞ ሃዳድ የሚባል የአርጀንቲና ሐኪም የጀመረው ከአፍንጫ ውስጠኛ ቆዳ ከነደም ስሩ ቁራጭ ገልብጦ ቀዳዳውን የመድፈን ዘዴ ታተመ፣ የአንጎል ውሃ መፍሰሱን በጣም የቀነሰው እሱ ነው። ዛሬ ከመቶ ዘጠናው በላይ የፒቱታሪ ዕጢ በአፍንጫ ነው የሚሰራው። ይሄን አልክድም። ሹፌሩ ግን ከቀሩት ነው፣ የቀሩት ደግሞ ሰው ናቸው።

በነገራችን ላይ በአፍንጫ ከሚሰሩትም መሃል ክርክር አለ፣ ማይክሮስኮፕ ይሻላል ኢንዶስኮፕ እያሉ። ማይክሮስኮፑ ጥልቀት ያሳያል፣ ሰርጂኑም ሁለት እጁ ነጻ ነው፣ ግን የሚያየው በጠባብ ቱቦ ቀጥታ ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ነው። ኢንዶስኮፑ ውስጥ ድረስ ገብቶ ሰፋ አድርጎ ያሳያል፣ ጫፉ ሰያፍ የሆነውን ካስገቡ ጥጉን ዞሮ ያያል፣ ግን ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋ ነው፣ ለመልመድም ጊዜ ይወስዳል። አሜሪካ 7 ሆስፒታሎች ላይ ወደ 260 ታካሚ ተከታትለው ያወዳደሩ ነበሩ፣ ሆርሞን የማያመርት ዕጢ ላይ፣ ሙሉ በሙሉ የወጣለት በማይክሮስኮፕ ከመቶ 80፣ በኢንዶስኮፕ ከመቶ 84 ገደማ፣ ይሄ በስታቲስቲክስ ልዩነት የሚባል አይደለም። ፒቱታሪዋ አዲስ ጉዳት ሳይደርስባት በመቅረቷ ግን ኢንዶስኮፑ ተሽሎ ነው የተገኘው። የናንተ ጽሁፍ ማሽኑን ጀግና አድርጎታል፣ እኔ እንደገባኝ ግን ማሽኑ እንደዛ የሚጋነን አይደለም፣ የያዘው እጅ ነው የሚበልጠው። በ1997 የታተመ ሌላ ጥናት ከ950 በላይ የአሜሪካ ኒውሮሰርጂኖችን በመጠይቅ ጠይቆ ነበር፣ በአፍንጫ ከ200 ያነሰ የሰሩት፣ ከ200 እስከ 500 የሰሩት፣ ከ500 በላይ የሰሩት ብሎ ለይቶ፣ ብዙ በሰሩት እጅ ጉዳቱ እየቀነሰ ነው የሄደው። ካሮቲድ መበጠስን የመሰለ ነገር እኮ ነው የሚያወሩት፣ ደግነቱ ከስንት አንዴ ነው የሚያጋጥመው።

እኛ አገር ይሄ ነገር ገና ወጣት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኒውሮሰርጀሪ ስፔሻሊስት ማሰልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ነው፣ ከዚያ በፊት አገር ውስጥ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰርጂን ይሄን ዕጢ በዚህ መንገድ እሰራለሁ ሲል ያ ሰው የሚያውቀውን መንገድ መምረጡም ራሱ ምክንያት ነው፣ ይሄን እንደ ኋላቀርነት መጻፍ ነውር ነው። ሹፌሩ ጋ ደግሞ እሱ እንኳ አልነበረም፣ ያው ሰርጂን ነው እኔን በአፍንጫ የሰራኝ። ያውቅበታል፣ ለዚያኛው ዕጢ ግን አይሆንም አለ።

ሹፌሩ ወጥቶ ምን አደረገ? ውጪ ልታከም አለ። ማኅበሩ አዋጣለት፣ ሹፌሮች ለገንዘብ አይሰስቱም መቼም፣ ወንድሙ የከብት ዋጋ ጨመረ፣ አንድ ደላላ የኤምአርአዩን ሲዲ ህንድ ላከለት። መልሱ የመጣው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። የህንዱ ሐኪም የጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለኔ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ፣ አንብቤ ስጨርስ ለትንሽ ጊዜ ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፋኝ። ጭንቅላት ተከፍቶ ነው የሚሰራው ይላል። አንድ ዓይነት መልስ፣ የኛዎቹ በጓንት ካርቶን ላይ በነጻ የሰጡት መልስ።

በዚያው ሳምንት ነዳጅ ማደያ ጋ ቆሞ ሳለ ራሱን በመዶሻ የመቱት ያህል አመመው፣ አስመለሰው፣ ግራ ዓይኑ ጨለመ። ዕጢው ውስጡ ደምቶ ነው። ይሄ የሚታወቅ ነገር ነው፣ ድንገተኛ ነው፣ በሰዓታት የሚቆጠር፣ እሱ ግን ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ እስኪደርስ፣ ኮርቲዞን እስኪሰጠው፣ አልጋ እስኪገኝ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ጭንቅላቱን ከፍተው ሰሩት። ልጠይቀው ስሄድ ግማሽ ጸጉሩ ተላጭቶ ፊቱ አብጦ ቀኝ ዓይኑን ብቻ ገልጦ «ቲቸር፣ መጋዙ አላመመኝም» አለኝ። የቀኝ ዓይኑ ዳሩ ሳይቀር ተመልሷል። ግራው አልተመለሰም። መንጃ ፈቃዱን ሊያድስ አይችልም፣ አሁን ኮምቦልቻ ጎማ ይሸጣል፣ የሚጥል በሽታ እንዳይመጣበትም ለጥቂት ወራት መድኃኒት ወስዷል።

ጥፋቱ በሙሉ የናንተ ነው እያልኩ አይደለም። ሰውየው ግትር ነው፣ ደላላው ሰባት ሳምንት በልቷል፣ ሐኪሞቹም ቢሆኑ ቁጭ ብሎ በደንብ የሚያስረዳ ሰው ቢመድቡ ኖሮ፣ በራውንድ ሰዓት አምስት ደቂቃ ቆመው ከአስር ተማሪ ጋር ከሚያወሩት፣ ምናልባት ይሰማቸው ነበር። ግን ሰውየው የዘመድ ምክር ሲሰማ ይጠራጠራል፣ ሐኪም ሲነግረው ይጠራጠራል፣ የታተመ ነገር ሲያይ ያምናል። የኔም አባት እንደዛ ነበሩ፣ ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር አይዋሽም ይሉ ነበር።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፣ ማስተካከያ አውጡ። ምን ብላችሁ እንደምትጽፉ ከከበዳችሁ እኔ ላግዛችሁ። በአፍንጫ የሚሰራው ዕጢው ኮርቻው ውስጥና ቀጥታ ከኮርቻው በላይ ሲሆን ነው በሉ። ከደም ስሩ ወዲያ ወደ ጎን ከሄደ፣ ወገቡ ላይ ታስሮ ከላይ ካበጠ፣ ወይም ድንጋይ ሆኖ በመፋቂያ የማይፋቅ ከሆነ በጭንቅላት፣ አንዳንዴም በሁለቱም መንገድ ተራ በተራ ይሰራል በሉ። ጭንቅላት መከፈት ያለበት ታካሚ ሐኪሙ የማያውቅ፣ ወይም እሱ ዘመድ የሌለው ስለሆነ አይደለም በሉ። ታካሚ ሐኪሙን ሲያማክር ምን ይጠይቅ ካላችሁ ደግሞ «ዕጢዬ ወዴት ነው ያደገው፣ ኤምአርአዩ ላይ አሳየኝ» ይበል፣ «ይሄን መንገድ ስንት ጊዜ ሰርተሃል» ይበል፣ ማፈር የለም፣ የኔው ሰርጂን ስጠይቀው አልተቆጣም፣ ቁጥሩን ነው የነገረኝ። ዳር ዳሩ የማይታየው ሰው መነጽር ቤት ብቻ እንዳይመላለስ ደግሞ በትልቁ ጻፉ። ድንገተኛ ራስ ምታትና የዓይን መጨለም አብረው ከመጡ አንድ ሌሊትም እንደማይታደርበት ጻፉ።

እና እባካችሁ በሌላ ገጽ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል እንዳታወጡት። ያው የጤና ገጽ ላይ፣ ያንኑ ያህል ቦታ ስጡት፣ ከተቻለም ታጥፎ ኪስ ውስጥ እንዲገባ አድርጋችሁ፣ የመጀመሪያዋ ጽሁፍ ስንት ሰው ኪስ ውስጥ እንዳለች አላውቅምና።

ከአክብሮት ጋር፣
የባዮሎጂ አስተማሪ፣ ከደሴ